የእንግዳው ጉርሻ

እትዬ ገበያነሽ ፋልከንሪጅ በሚገኘው ቤታቸው፣ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተዘርረው ነፍሳቸው ስትወጣ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የባሕር ፎቶ እያሳየ ነበር። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጃንጥላ፣ አንድ ጊዜ አሸዋ ላይ የተደረደሩ ዛጎሎች፣ አንድ ጊዜ ራሳቸው እትዬ ገበያነሽ በነጠላቸው ላይ የገለባ ባርኔጣ ደፍተው። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያው ፊት ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኑ ጠብቦ ወደ ጣሪያው አፍጥጦ ቀርቷል። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ እጃቸውን ከሟቿ ደረት ላይ ካነሱ በኋላ እንኳ ፎቶው መቀያየሩን አላቆመም። ሪሞቱን የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ አራት፣ እሑድ ነበር፤ ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ። የጫካ ቃጠሎ ጢስ የካናዳዋን ካልጋሪን ስለሸፈናት ፀሐይዋ በቀትር ብርቱካን መስላ ትታይ ነበር። ትሪውን ከበው የተቀመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው፦ ሟቿ፤ አውቶቡስ ነጂው ልጃቸው ፀጋዬ፤ ሚስቱ ሳምሪ፤ ከእናቷ ጋር የምትኖረው ሴት ልጃቸው ናሆሚ፤ ናሆሚን ሊያገባ የሚፈልገው ኑሩ፤ እና ኑሩንና እትዬ ገበያነሽን ለማስታረቅ የተጠሩት ሽማግሌ ጋሽ አባይነህ። ኑሩ ሙስሊም ነው። ምሳው በጾም ቀን የተደረገውም ለዚሁ ነበር። ሥጋ ከሌለ ማን አረደው የሚል ጥያቄ ስለማይነሳ ሁሉም ከአንድ ትሪ መብላት ይችላል። እርቁ ሊያልቅ ሲል ኑሩ ለእትዬ ገበያነሽ አንድ ጉርሻ ጠቀለለላቸው። እሳቸውም በሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ስላልቻሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞቱ።

በሦስተኛው ቀን የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲደርስ፣ መርማሪ ሃሌሉያ ሞላልኝ ልቅሶ ቤቱ መጣች። ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ቀስ ያለ ሴት ናት። ሰዎች ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስላቸዋል። ሃሌሉያም እንዲመስላቸው ትተዋቸዋለች።

ጋሽ አባይነህን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው።

«ሽሪምፕ ነው የገደላቸው» አለቻቸው። «ሰውነታቸው አይቀበለውም። ጉሮሯቸው ተዘጋ።»

«ሽሪምፕ?» ሽማግሌው መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። «ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ገበያነሽ በጾም ዓሣ እንኳ የማትነካ ሴት ናት። ያ የባሕር ፍጥረት ደግሞ ጾምም ሆነ ፍስክ ርኩስ ነው!»

«እርስዎም ከዚያው ትሪ በልተዋል።»

«በላሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። እንከን የለውም። ለእንግዳው እንኳ ሳምሪ ቃሪያ የሌለበት ሽሮ ለብቻው ሠርታ በፊቱ ጨልፋለት ነበር። እንዲህ ያለ ክብር ተደርጎለት…» ቃላቸውን ዋጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሱቁ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ ይሸጣል አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ኑሩ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ባለው ሱቁ የምዕራብ አፍሪካ ደንበኞች ስላሉት የደረቀ ሽሪምፕ በላስቲክ አሽጎ ይሸጣል። የሃሌሉያ አለቃም ይህን ሰምቶ «እስከ ቅዳሜ ሌላ ነገር ካላመጣሽልኝ አሬስት እናደርገዋለን» ብሏታል። ልቅሶ ቤቱ ግን ቅዳሜን አልጠበቀም። ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ፈርዶ ጨርሶ ነበር።

ፀጋዬ ሳሎን ውስጥ ነበር። አርባ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም ከእናቱ ወንበር ቀጥሎ ያለችው ትንሿ መቀመጫ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ስለ ምሳው በኋላ እንነጋገራለን» አለችው ሃሌሉያ። «መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ይንገሩኝ።»

«ስለ ቬኬሽኑ?» ፀጋዬ ግራ ገባው። «ምን ይነገራል? ሳንታ ሊያ ትባላለች፣ ጣልያን። አሥር ቀን ሪላክስ አደረግን። ጠዋት ቢች፣ ቀን እንቅልፍ፣ አመሻሽ ላይ ወደቡ ዳር ወክ። አይስክሬም። ካርታ እንጫወታለን፣ እማዬ ታጭበረብራለች፣ ማንም ደፍሮ አይነግራትም።»

«ይሄስ?»

ቴሌቪዥኑ ላይ እትዬ ገበያነሽ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸው እንደ ተነፋ ፊኛ ሆኖ ይታያል። ፀጋዬ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው።

«ሰንበርን ነው፣ ፀሐይ አቃጥሏት፤ አምስተኛው ቀን። ፋሚሊ ግሩፑ ላይ "እማዬ ቦቶክስ አደረገች" ብዬ ፖስት አድርጌው፣ ሦስት ቀን ሳቅንባት።» ሳቁን ሰበሰበ። «ፋርማሲ የወሰድኳትም እኔ ነኝ። ጠይቂ፤ እማዬ ለአገር ምድሩ ደውላ ተናግራለች። "ልጄ ባይኖር ሞቼ ነበር" ብላለች።»

ሃሌሉያ ከሟቿ ቦርሳ የተገኘች የመድኃኒት ካርቶን አውጥታ አሳየችው። የፋርማሲው ወረቀት ተለጥፎባታል፤ ቀኑና ሰዓቱ ታትሞበታል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት። ከጎኑ በእስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ተብሎ ተጽፏል።

«አዎ፣ እሷ ናት» አለ ፀጋዬ አየት አድርጎ።

«ቃልዎን እዚህ ይፈርሙልኝ። ስምዎን በአማርኛ ቢጽፉት ደስ ይለኛል፣ አባቴን ያስታውሰኛል።»

«በስድስት ዓመቴ ነው እኮ የመጣሁት። አንዷንም ፊደል አልጽፍም። ናሆሚማ ጭራሽ!» ብሎ በእንግሊዝኛ ፈረመ።

ናሆሚን ፎቅ፣ እናቷ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ስልኳ አልጋው ላይ ይነዝራል፤ ስሙ ይታያል፤ ኑሩ። አላነሳችውም።

«አምስተኛው ቀን የት ነበርሽ?»

«ሆቴል። ራሴን አሞኝ ተኝቼ።»

«በስድስተኛው ቀን ፎቶ አፍንጫሽ ተላልጧል። ሆቴል የተኛ ሰው አፍንጫው አይላላጥም፣ ናሆሚ።»

ናሆሚ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ቀጥላ ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየቻት። ከባሕሩ መሐል ወደ ዳርቻው የተነሳ ነው። ጃንጥላዎች፣ የሚሯሯጡ ልጆች፣ በመሐላቸው ደግሞ እስከ አንገቱ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ፣ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው።

«ጀልባ ላይ ነበርኩ። ኑሩ ሳይነግረኝ ፍላይት ይዞ መጥቶ፣ ሌላ ሆቴል አርፎ። ፀጋዬ ቢራ ጠጥቶ ተኝቶ የሰው ልጆች ቀበሩት፤ ዙም አድርጌ አነሳሁት። ላይክ፣ ላይፌን ሙሉ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ግን ለማን ልላከው? የት ሆነሽ አነሳሽው ይሉኛል።»

ሃሌሉያ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት አየችና ስልኩን መለሰችላት።

«በማግስቱ እማዬ ወደቡ ላይ አይስክሬም ስንበላ ያዘችን» አለች ናሆሚ። «እጁን በጥፊ መታችው። አይስክሬሙ መሬት ወደቀ። "ከዚህ እጅ የምትበላ ልጅ የለችኝም" አለችው፤ ፈረንጁ ሁሉ ቆሞ እያየ። ፒክ አፕ አድርጎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው፣ ጎንበስ ብሎ "ይቅርታ እማማ" አላት።»

«ገደላት ብለሽ ታምኛለሽ?»

ናሆሚ ወደ ስልኳ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞረች። «እጁን አየሁት እኮ» አለች። «አፏ ውስጥ ሲገባ አየሁት።»

ኑሩ ሱቁን ከፍቶ፣ ደንበኛ ሳይኖረው ቆሞ ነበር። ሃሌሉያን ሲያይ ሁለት እጆቹን ባንኮኒው ላይ አደረገ፤ ለካቴና የሚያዘጋጃቸው ይመስል።

«ዛሬ አይደለም» አለችው። «ስለ ትሪው ልጠይቅህ ነው። የት ተቀመጥክ?»

«ሳምሪ ከእማማ ጎን አስቀመጠችኝ። እዚያ ቤት ሰው ያደረገችኝ እሷ ብቻ ናት። "አጉርሳቸው፣ በጉርሻ ልባቸው ይራራል" ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከዚያ ሁሉም አጉርስ፣ አጉርስ አሉ።» ትንሽ አመነታና ቀጠለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ባለጌ እንዳትይኝ። እናንተ በጾም ሽሮ ላይ ዓሣ ትጨምራላችሁ አይደል?»

ሃሌሉያ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «ለምን?»

«ዓሣ ዓሣ ይል ነበራ። የአጿጿማችሁ ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ። በሰው ቤት፣ በእርቅ ቀን፣ ወጣችሁ ይሸታል ይባላል እንዴ?»

«የበላኸው ከየት በኩል ነው?»

«ከፊቴ ነዋ፤ ከሰው ፊት ይበላል? ጉርሻውንም ከዚያው ነው የጠቀለልኩት።»

«ቃሪያ አትወድም አሉኝ።»

በኑሩ የሞተ ፊት ላይ ፈገግታ ብልጭ አለ። «እኔ? ሐረር ተወልጄ? በጥሬው ነው የምቆረጥመው።»

ሃሌሉያ ወደ ልቅሶ ቤቱ ስትመለስ ሳምሪ ወጥ ቤት ውስጥ ለልቅሶኛ የሚሆን ቡና በኤሌክትሪክ መፍጫ እየፈጨች ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለፀጋዬ ተድራ ከአዲስ አበባ መጣች። መደርደሪያው ላይ ያሉት ማሰሮዎች ሁሉ በትልልቅ፣ በንጹሕ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አለቻት ሃሌሉያ።

«እትዬ መነጽራቸውን ሲጥሉ እንዲያነቡ ብዬ ነው። ዳዊት ስለሚደግሙ ንባብ ያውቃሉ፤ መጻፍ ግን አልተማሩም።»

«መፍጫውስ የእሳቸው ነው?»

«የእሳቸው ተበላሽቷል። የኔን ቴምፕል ሰፈር ካለው ቤታችን አምጪ አሉኝ ልቅሶ የመጡት፣ ሰው በዛ ብለው።» ሳምሪ ስኒ አቀረበችላት። «ጠጪ፣ የኔ እኅት። ደክሞሻል።»

ሃሌሉያ ስኒውን ተቀብላ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። «ሁለት መቶ አሥራ ሰባት የባሕር ፎቶ አየሁ። አንዱም ላይ የለሽም።»

«አንሺዋ እኔ ነበርኩ።»

«ባሕሩ ውስጥስ ገባሽ?»

«ዕቃ የሚጠብቅ ያስፈልጋል» አለች ሳምሪ፤ መፍጫውንም በጨርቅ ወለወለችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሃሌሉያ አምስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበች። ባዶውን ትሪ መሐል አስቀምጣ እሑድ በነበሩበት ቦታ እንዲቀመጡ ጠየቀቻቸው። ኑሩ ሲገባ ፀጋዬ ተነሥቶ ሊወጣ አለ፤ ጋሽ አባይነህ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። ናሆሚ ወንበሯን ከኑሩ አራቀች። በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ ሁሉም ለማን እንደመጡ የሚያውቁ መስሏቸው ኑሩን ያያሉ።

«እትዬ ገበያነሽን ለመግደል መጀመሪያ ሽሪምፕ እንደማይስማማቸው ማወቅ ያስፈልጋል» ብላ ጀመረች ሃሌሉያ። «ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ቀምሰውት አያውቁም። የቀመሱት አንድ ቀን ነው፤ ሳንታ ሊያ፣ አምስተኛው ቀን፣ ወደቡ ዳር ያለው ምግብ ቤት። አቶ ፀጋዬ፣ ሜኑው ላይ በጣትዎ ጠቆሙ። በወረቀት ተጠቅልሎ ጥብስ መጣ። እናትዎ ዓሣ መስሏቸው በሉ።»

«ሁላችንም በልተናል!» አለ ፀጋዬ።

«ከንፈራቸው ያበጠው ግን የእሳቸው ብቻ ነው። ፋርማሲ የወሰዳቸው ሰው እዚያ እውነቱን ተነገረው። ለእሳቸው ደግሞ "ፀሐይ ነው" አላቸው። ያን ቀን ይህ ውሸት ክፋት አልነበረበትም። ርኩስ በልተዋል ቢባሉ ዕረፍቱ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ብቻ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምን እንደሚገድላቸው የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ።»

ናሆሚ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ፋርማሲ የወሰድኳት እኔ ነኝ አልክ።»

ፀጋዬ ላብ አጠመቀው። «እኔ… ዌይት፣ እኔ ሽሪምፕ መሆኑን…»

«እርስዎ አልሄዱም» አለች ሃሌሉያ። የናሆሚን ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣችው። ከአሸዋ የበቀለ የመሰለው የፀጋዬ ጭንቅላት ግድግዳውን ሞላው። «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት። መድኃኒቱ በተገዛባት ደቂቃ እርስዎ እስከ አንገትዎ ተቀብረው ተኝተዋል። ናሆሚና ኑሩ ጀልባ ላይ ናቸው። ጋሽ አባይነህ ካልጋሪ ነበሩ። ካርቶኑ ላይ ደግሞ በአማርኛ ተጽፏል። አቶ ፀጋዬና ናሆሚ ፊደል አይጽፉም፤ ሟቿም ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተማሩም። እንግዲህ ማን ቀረ?»

ሁሉም ሳምሪን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩዋት ይመስል አዩዋት። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«በጠራራ ፀሐይ ደግፋ የወሰደቻቸው ሳምሪ ናት። እሳቸው ግን ምስጋናውን ለልጃቸው ሰጡት፤ ልጃቸውም ተቀበለው። ከታሪኩ ያጠፏት እነሱ ናቸው፤ እሷ ግን መጥፋቷን ተጠቀመችበት።» ሃሌሉያ ጣቷን ትሪው ላይ፣ በኑሩ ፊት አደረገች። «እሑድ ለት ሽሪምፕ የነበረው እዚህ ቦታ ብቻ ነው። ኑሩ ዓሣ ዓሣ እንደሚል ቀምሶ አውቋል፤ የጾም ወጋችሁ መስሎት ግን በአክብሮት ዝም አለ። ገዳይ ቢሆን ይህን ራሱ አይነግረኝም ነበር። ለብቻው የተሠራው ሽሮ "ቃሪያ ስለማይወድ" ነው ተባለ። ቃሪያ አትወድም ያለው የለም። ከሟቿ ጎን ያስቀመጠችው ሳምሪ ናት፤ የጨለፈችለት ሳምሪ ናት፤ አጉርሳቸው ብላ በጆሮው የነገረችው ሳምሪ ናት።»

«ይሄ ወሬ ነው» አለች ሳምሪ በለሰለሰ ድምፅ።

«ወሬ በሆነ። ሐሙስ ቀን የቡና መፍጫሽን ወስጄ አስመረመርኩት። የሽሪምፕ ዱቄት ምላጩ ሥር ተገኝቷል።»

ጋሽ አባይነህ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እስከ ሐሙስ ድረስ… ከዚያ መፍጫ ነው እኮ የጠጣነው! በፍልሰታ!»

ሳምሪ ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር፤ ቤቱን ግን አቀዘቀዘው።

«አይዞዎት ጋሼ፤ እርስዎን አይገድልዎትም» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አሮጌው ሻንጣ ትዝ ይልሃል? ለጉዞው ከቤዝመንት ያወጣነው? በአሥረኛው ቀን ዕቃ ስከትት የውስጥ ኪሱ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። የክሊኒክ ወረቀት። ያንተ ስም ያለበት።»

«ሳምሪ፣ ፕሊስ…»

«ዘጠኝ ዓመት! ቢቹ ላይ በየቀኑ የሰው ልጅ እየጠራች፣ ብስኩት እየሰጠች፣ "ይቺን እያት፣ መካኗን" ትላቸዋለች በአማርኛ። ልጆቹ ይስቁልኛል። አንተ ካርታህን ትጫወታለህ። ችግሩ ያንተ መሆኑን ታውቃለህ፣ ትጫወታለህ!» ዘጠኝ ዓመት እሳቸው ስትላቸው የኖረችው ሳምሪ አማቷን አንቱታ ነፍጋ ቀጠለች። «ወረቀቱን ይዤ በረንዳ ላይ ሄድኩላት። ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? "ታዲያ ወንድ ልጄን ላዋርድልሽ?" ብላ ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። ለዚያች ከንፈሯ መድኃኒቷን ጠዋት ማታ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ፀጋዬ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ፣ እንደ ልጅ።

«አንተን ለምን እንደተውኩህ ታውቃለህ?» አለችው ሳምሪ። «ከእንግዲህ የሚዋሽልህ ሰው እንዳይኖር።»

ኑሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እኔስ? እኔ ምን አደረግኩሽ?»

ሳምሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። ቆየት ብላ ግን ቀና አለች።

«ምንም። አንተን ለማመን ማንም እንደማይደክም ስለማውቅ ነው። ተሳስቼ ከሆነ እሷን ጠይቃት» ብላ በአገጯ ናሆሚን አመለከተች።

ፖሊሶቹ ሲወስዷት ጫማዋን በር ላይ ጎንበስ ብላ አደረገች፤ የተበተኑትን የሌሎቹንም ጫማዎች በእግሯ አስተካከለች። ልማድ ነው።

ናሆሚ ወንበሯን ትታ ወደ ኑሩ ሄደች።

«ኑሩ… አይ ዲድንት…»

«አርባ አንድ ጊዜ ደወልኩልሽ» አለ ኑሩ። «ቆጥሬ አይደለም፤ ስልኩ ራሱ ይቆጥራል።»

«እጅህን ሳየው ነው እኮ… ፈራሁ።»

ኑሩ ቀኝ እጁን አነሣና የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። ናሆሚ ልትይዘው ዘረጋች።

«እናትሽ ወደቡ ላይ ያለችኝን አስታውሺ» አለ። «ከዚህ እጅ የምትበላ ልጅ የለችኝም ብላኝ ነበር።» እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እውነቷን ነው፤ የለቻትም።»

ጋሽ አባይነህ «ልጄ፣ ቆይ እንጂ፣ እንነጋገር» ሲሉ ለእሳቸው ብቻ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሃሌሉያ በመስኮቱ ስታየው፣ መኪናው ዘንድ ደርሶ ቁልፉን በግራ እጁ ሲያወጣና በሩን በግራ እጁ ሲከፍት አየች።